ለሥሩ የሚቀር ሣር፦ የግጦሽ ጫና በላስታ ደጋ መስኮች ላይ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ገለጻ)





ከላሊበላ ተነሥቶ በብልባላ በኩል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት መሬት ጎን ለጎን ያያል። በዋሻው ውስጥ የታነጸውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከብቦ የቆመ የጽድ ደን አለ። በደኑ ሥር መሬቱ በረገፈ ቅጠል፣ በሣርና በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። ከደኑ ወሰን ወጣ ሲል ጠጠሩ የፈጠጠ፣ ሣሩ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ተዳፋት ይቀበለዋል። በሁለቱም ላይ የሚዘንበው ዝናብ አንድ ነው፤ ፀሐዩም ውርጩም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጡት መጥረቢያ፣ ሞፈርና የከብት ጥርስ ናቸው። የዛሬው ገለጻ የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው።

ከብት ያለ ግጦሽ፣ የደጋ ገበሬም ያለ ከብት አይኖርም። በሬው ያርሳል፣ ላሟ ትታለባለች፣ በጉ ለማዳበሪያና ለልጅ ደብተር ይሸጣል፣ ኩበቱ እንጀራ ይጋገርበታል። ስለዚህ ጥያቄው ከብት ይግጥ ወይስ አይግጥ የሚል አይደለም። መስኩ በየዓመቱ እንዲያገግም ስንት ከብት፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል አስቀርቶ መጋጥ አለበት የሚል ነው።

ሣር ሲጋጥ ከመሬት በታች ምን ይሆናል?

ሣር ከአፈር የሚወስደው ውኃና ማዕድን ነው። ዋናውን ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን አማካይነት በአረንጓዴ ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ ከፊሉ ወደ ሥር ይወርዳል፣ ከፊሉም በአገዳው ግርጌ ለክፉ ቀን ይጠራቀማል። አዲስ ቅጠል የሚወጣበት እንቡጥ ዝቅ ብሎ ከመሬት አጠገብ ስለሚገኝ፣ ጫፉ የተበላ ሣር አይሞትም፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ባሕርዩ ለግጦሽ የተመቸ አድርጎታል። መልሶ ለማቆጥቆጥ ግን ወይ የተረፈ ቅጠል፣ ወይ በግርጌው የተጠራቀመ ስንቅ ያስፈልገዋል።

ፍራንክሊን ክራይደር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት የሣር ቅጠል በተለያየ መጠን ሲቆረጥ ሥሩ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። ከቅጠሉ እስከ 40 በመቶ ሲቆረጥ የሥሩ ዕድገት አልቆመም። 50 በመቶ ሲቆረጥ ዕድገታቸውን ያቆሙት ሥሮች ከ2 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። 60 በመቶ ሲቆረጥ ግማሽ ያህሉ ሥር ቆመ፤ 70 በመቶ ሲቆረጥ 78 በመቶው ቆመ። ከቅጠሉ 80 በመቶ ሲወሰድ ሥሩ በሙሉ ዕድገቱን አቆመ። ከግማሽ በኋላ ጉዳቱ የሚጨምረው ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ መሆኑን ከቁጥሮቹ መረዳት ይቻላል። በብዙ አገር የግጦሽ ባለሙያዎች «ግማሹ ለከብቱ፣ ግማሹ ለሣሩ» የሚል ምክር የሚሰጡትም ለዚህ ነው።

በላስታ ዋናው ዝናብ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይጠቃለላል። ሣሩ ሥሩን ወደ ታች የሚሰድበት ጊዜ ይኸው አጭር ጊዜ ነው። ከብቱ ደግሞ በጋውን ሲራብ ከርሞ መጀመሪያ በበቀለችው ለምለም ላይ የሚሰማራው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ ሣሩ በግርጌው ያስቀመጠውን ስንቅ አውጥቶ ጨርሷል፤ አዲሱ ቅጠል ገና ምግብ ማዘጋጀት አልጀመረም። በዚያ ሳምንት የሚበላ አንድ አፍ ሣር በመስከረም ከሚበላ አንድ ሸክም ይልቅ መስኩን ይጎዳል። ሥሩ አጥሮ የቀረ ሣር ጥቅምት ሳያልፍ ይደርቃል።

ኮቴና ጎርፍ

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ከኮቴ ነው። አፈር ሲረጥብ ይለሰልሳል፤ ከብት ሲመላለስበት ይጠቀጠቃል። በአፈሩ ውስጥ አየርና ውኃ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ቀጥሎ የሚዘንበው ዝናብ መስረጊያ ስለሚያጣ በላይ በላይ ይፈሳል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ በመለኪያ ተፈትሿል። በዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በደብረ ዘይት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ያልተጋጠ መስክን በቀላል፣ በመካከለኛ፣ በከባድና በጣም ከባድ ጫና ከተጋጡ መስኮች ጋር አወዳድሯል። ቦታዎቹ የተመረጡት በሁለት ዓይነት ተዳፋት ላይ ነበር፤ አንደኛው እስከ 4 በመቶ፣ ሁለተኛው ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚያዘነብል ነው። ጫናው ከባድና በጣም ከባድ በሆነባቸው ቦታዎች ውኃ ወደ አፈር የመስረግ አቅሙ ቀነሰ፤ ጎርፉና የሚታጠበው አፈርም በግልጽ ጨመረ። ደቃቅ አፈር ያላቸው ቦታዎች በኮቴ ይበልጥ ተጎዱ። በላስታ 8 በመቶ ተዳፋት እንደ ሜዳ የሚቆጠር ነው። በዚያ ለስላሳ ተዳፋት የታየው ጉዳት በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ባሉት ቁልቁለቶች ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ያቋቋሙት የስዊዘርላንዱ ምሁር ሐንስ ሁርኒ፣ በደቡብ ወሎ ከሚገኘው ከማይባርና ከሌሎች ጣቢያዎች በተገኘው መረጃ ተመሥርተው ለመላው አገሪቱ ግምት አውጥተው ነበር። በግምቱ መሠረት ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ከግጦሽ መሬት የሚታጠበው 5 ቶን ነው። ምርት መስጠት ካቆመ የተራቆተ መሬት ግን 70 ቶን ይሄዳል። እንግዲህ በሣር የተሸፈነ መስክ ከእርሻም የተሻለ የአፈር ጠባቂ ነው። ሣሩ አልቆ መሬቱ ሲራቆት ያው መስክ ከሁሉም የከፋ ይሆናል። በመካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ጣት የምታህል የሣር ቁመት ናት። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በክረምት ቀልቶ የሚወርደው ይህን አፈር ተሸክሞ ነው።

ሣሩ ሲለወጥ

ከብት እንደ ሰው መርጦ ይበላል። መጀመሪያ የሚበላው ማገጡንና ለስላሳውን ሣር ነው። ጫናው ሲበረታ ጣፋጩ ዘር ሳይጥል ያልቃል፤ ቦታውን የማይበላው ይወርሰዋል። ሰርዶ መሬት ለመሬት ስለሚሳብ ግጦሽን ይችላል፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ከዚያ የባሰው ምልክት አክርማ ነው። አክርማ ለሴቶች ስፌት ጥሩ ነው፤ ለከብት ግን ጠንካራና የማይጣፍጥ በመሆኑ ሳይነካ እየተስፋፋ ይሄዳል። አንድ መስክ ላይ ማገጥ እየጠፋ አክርማ እየበዛ ከሄደ፣ መስኩ ከሩቅ አረንጓዴ ቢመስልም መኖነቱ እያለቀ ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ጨርሶ አለመጋጥም ለሁልጊዜ መልካም አይደለም። ያልተጋጠና ያልታጨደ ሣር ሲያረጅ አዲሱን ቡቃያ ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ እንደ ማገጥ ያሉት አጫጭር ተክሎች ተውጠው ይቀራሉ። መጠነኛ ግጦሽ ወይም በወቅቱ የሆነ አጨዳ መስኩን ያድሰዋል።

ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ያለው የጓሳ ሣርም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። እዚያ የሚኖረው ጭላዳ በቀጥታ ሣር ይበላል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሣሩ ውስጥ የሚኖሩትን አይጦች አድኖ ያድራል። የጓሳው መሳሳት የቤት እንስሳትንም የዱር እንስሳትንም እኩል ያስርባል።

ብዙ ከብት፣ ትንሽ ሥጋ

በሀብት ቆጠራ ወቅት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ከብት አለህ?» የሚለው ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስላል። ጆንስና ሳንድላንድ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 የብዙ የግጦሽ ሙከራዎችን ውጤት ሰብስበው አንድ ቀላል ግንኙነት አገኙ። በአንድ መስክ ላይ የከብቱ ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ከብት ክብደት ጭማሪ እኩል እየቀነሰ ይሄዳል። የመስኩ ጠቅላላ ምርት ግን መጀመሪያ ያድጋል፣ ከአንድ ነጥብ በኋላ ይወርዳል።

ነገሩን ለማስረዳት በምሳሌ እንውሰደው። በአንድ መስክ ላይ ከብት በተጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ የዓመት ጭማሪ በ10 ኪሎ ይቀንሳል እንበል። ሁለት ከብት ቢሰማሩ እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ፣ በድምሩ 160 ኪሎ ይጨምራሉ። አምስት ቢሰማሩ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ፣ በድምሩ 250 ኪሎ ይጨምራሉ። ስምንት ቢሰማሩ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ብቻ፣ በድምሩ እንደገና 160 ኪሎ ይሆናል። አሥር ሲደርሱ ጭማሪው ዜሮ ነው። ስምንት ከብት የሚጠብቅ እረኛ ሁለት ከብት ከያዘው የበለጠ አላተረፈም፤ መስኩን ግን አራት እጥፍ አስረግጧል።

በላስታ ይህ ሒሳብ በጣም የሚከፋበት ወቅት አለ። በሬው በዓመት ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚከሳው በግንቦትና በሰኔ ነው። ለእርሻ የሚፈለገውም በዚያው ጊዜ ነው። የከሳ በሬ ቀኑን ሙሉ መጠመድ አይችልም፤ እርሻው ይዘገያል፣ ዘሩም በወቅቱ አይገባም። በመስኩ ላይ የጠፋው ሣር በጎተራ ውስጥ እህል ሆኖ ይጎድላል።

የመስኩን አቅም መለካት

የመስክን አቅም ለማወቅ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በሰኔ መጀመሪያ በጋራ መስኩ ላይ በአራት ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ በእሾህ ይታጠራል። አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከመካከል፣ አንዱ ከታች ቢሆን ጥሩ ነው። በመስከረም መጨረሻ በውስጡ የበቀለው ሣር ታጭዶ ይደርቅና ይመዘናል። ከአንድ ካሬ ሜትር የተገኘው ደረቅ ሣር 200 ግራም ከሆነ፣ ከአንድ ሄክታር 2,000 ኪሎ ይገኛል ማለት ነው።

ግማሹ ለሣሩ ሲተው 1,000 ኪሎ ይቀራል። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ የአገር ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 6 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ስሌቱ 6.25 ኪሎ ነው። 1,000 ኪሎው ለ160 ቀን ይበቃዋል። ለቀሩት 205 ቀናት 13 ኩንታል ያህል መኖ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከገለባ፣ ከድርቆሽ ወይም ከተዘራ መኖ። አሥር በግ እንደ አንድ ከብት፣ ሁለት አህያም እንደ አንድ ከብት ተቆጥሮ የቀበሌው እንስሳ ቢደመር መስኩ ከአቅሙ በላይ ስንት እጥፍ እንደተሸከመ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ማወቅ ይቻላል።

በየቀኑ ለመቆጣጠር ደግሞ እጅ በቂ ነው። እንደ ሣሩ ዓይነት ቢለያይም፣ የመስኩ ሣር ወደ አራት ጣት ቁመት ሲወርድ ከብቱን ማንሣት ተገቢ ነው።

ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት

መስክን አሳርፎ መጠቀም ከውጭ የመጣ አሠራር አይደለም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን መስክ በቄሮ ሥርዓት ሲያስተዳድር ኖሯል። ተጠቃሚው በመረጠው መሪ አማካይነት መስኩ እስከ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጋ ነበር። ሲከፈት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ይታጨዳል፣ ከብትም ይገባል። ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል።

ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ ነበር። በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን አስቀጠለ፤ ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ ሕግ እውቅና አገኘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው። መስኩ የማን እንደሆነ የታወቀ ነበር፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ የታወቀ ነበር፤ የሚጠብቁትም የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ክልከላ በዘበኛ ብዛት አይጸናም።

ሕግም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 እስከተተካ ድረስ ለ19 ዓመታት ጸንቶ ሲቆይ በብዙ ቁልቁለት ላይ ልቅ ግጦሽ አልቀረም። እረኛው ከብቱን ሌላ የሚወስድበት ቦታ አልነበረውምና።

ክልከላው የሚከብደው በማን ላይ ነው?

ልቅ ግጦሽ ይቅር ሲባል ለሁሉም እኩል አይከብድም። ሦስት በሬና ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ገለባ አለው። ባሏ የሞተባትና አንዲት ላም የቀረቻት እናት፣ እንዲሁም መሬት ሳይኖረው አምስት በግ ይዞ ትዳር ለመመሥረት የተነሣ ወጣት ያላቸው የጋራ መስኩ ብቻ ነው። ተራራው ሲከለል በማግሥቱ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሌሊት ተደብቆ የሚያስገባም የሚገኘው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

ስለዚህ የሚከለል መስክ ሣሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ከመከለሉ በፊት መወሰን አለበት። ሣሩ ታጭዶ ሲወሰድ ድርሻው በከብት ቁጥር ከሆነ ብዙ ያለው ብዙ ይወስዳል፤ ከብት ማብዛትንም ያበረታታል። ድርሻው በአባወራና በእማወራ ከሆነ ግን ላም የሌላት እናት ድርሻዋን ድርቆሽ አድርጋ መሸጥ ትችላለች። እንዲሁም መስኩን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት በሦስት ከፍሎ አንዱን ክፍል ሙሉ ክረምት ማሳረፍ ይቻላል። ተራው ሲዞር እያንዳንዱ ክፍል በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ሥሩን ሰድዶ፣ ዘሩን ጥሎ ያርፋል። የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ከመጀመሪያው ቢሳተፉ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በአካባቢው ይፈታል።

ዩኒየኑ ምን ሊሠራ ይችላል?

አንደኛ፣ ገበያ ነው። የማይፈለግ ከብት የሚሸጥበት ጥሩ ጊዜ ሥጋ በጀርባው ላይ እያለ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ድርቅ፣ በ2008 ዓ.ም. በደረሰው የዝናብ እጥረትም እንደታየው፣ ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፣ እህል ይወደዳል። በ1977 በሬውን ያጣ ገበሬ ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት አልነበረውም። ዩኒየኑ በወቅቱ ገዢ አፈላልጎ በኅብረት ቢሸጥ አባሉ ትርፍ ከብቱን ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለውጣል፤ የመስኩም ሸክም ይቃለላል።

ሁለተኛ፣ መኖ ነው። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር በተዘረጋው መንገድ የመኖ ዘርም ሊመጣ ይችላል። ለደጋው አጃና ቬች፣ ፋላሪስና ትሪሉሰርን፣ ዝቅ ላለው ቦታ በእርከን ላይ ደሾ ሣር ይስማማል። ፉርሽካና ፋጉሎ በጅምላ ተገዝቶ ለማኅበራት ቢከፋፈል ለእርሻ በሬና ለምትታለብ ላም ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ያለውን ገለባ ማሻሻል ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ያህል ውኃ ይሟሟል። ገለባው እየተነጠፈ ይረጭበታል፤ እየተረገጠ በጉድጓድ ውስጥ በላስቲክ አየር እንዳያስገባ ሆኖ ለ21 ቀን ይታፈናል። ከዚያ ሽታው እንዲወጣለት ተናፍሶ በጥቂቱ እያለማመዱ ይሰጣል። ለአህያ፣ ለበቅሎ፣ ለፈረስና ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃ አይሰጥም። የዩሪያ ውኃ ከብት ከጠጣው ስለሚገድል ዕቃው በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

የተከበራችሁ የማኅበራት ተወካዮች፣

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይሠራም። ለመጪው ክረምት ግን እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ሦስት ነገር መወሰን ይችላል። አንድ የጋራ ተዳፋት መርጦ አራቱን የእሾህ አጥር ማጠር፤ በዚያ ተዳፋት ላይ ከብት የሚገባበትን የመጀመሪያ ቀን ሣሩ ጉልበት እስኪያገኝ ድረስ ማዘግየት፤ በእነዚያ ሳምንታት መስክ የሚያጡት አባላት ገለባ ወይም ድርቆሽ ከየት እንደሚያገኙ አስቀድሞ በስም ዝርዝር መመደብ። ሦስተኛው ካልተሠራ ሁለተኛው አይጸናም። በመስከረም መጨረሻ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሣር ከውጭው ጋር ጎን ለጎን ተመዝኖ ውጤቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ። ለቀጣዩ ዓመት የሚበጀውን ደንብ አባላቱ ቁጥሩን እያዩ ራሳቸው ይወስናሉ።